ድልድይ ቢዘጋ ጄኔራል ምን ገዶት?

የትራንዚት ባለሙያ ማዕቀብን የሚመዝነው ባስቆመው ጭነት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኒጀር ፕሬዚዳንት መሐመድ ባዙም በገዛ ጥበቃ ኃይላቸው አዛዥ በጄኔራል አብዱራህማኔ ቺያኒ ሲገለበጡ፣ የምዕራብ አፍሪካው ማኅበረሰብ ኢኮዋስ በቀናት ውስጥ ድንበር ዘጋ፣ የገንዘብ ዝውውር አገደ፣ በሳምንት ውስጥ ባዙም ካልተመለሱ ኃይል እስከ መጠቀም እደርሳለሁ ሲልም ዛተ። ናይጄሪያ መብራት ቆረጠች፤ ኒጀር ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከዚያ ነበር። ኒጀር እንደኛው ወደብ የላትም። ዋና መስመሯ ከኮቶኑ ተነሥቶ በቤኒኗ ማላንቪል በኩል ድልድይ ተሻግሮ ጋያ የሚገባው ነው። እሱ ሲዘጋ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች ሳይቀሩ ማላንቪል ላይ ተገተሩ። የቆመ መኪና ደግሞ ወጪ አያቆምም። የሹፌር አበሉ፣ ዲመሬጁ፣ የመጋዘን ኪራዩ ተደማምሮ የሚያርፈው ኒያሜ ገበያ ላይ ባለው ሩዝ ዋጋ ነው፤ ሩዝ ተወደደ ብሎ ቤተ መንግሥት የሚለቅ መኮንን ግን የለም። ይባስ ብሎ ጭነቱ ከሎሜ በቡርኪና ፋሶ ዞሮ በወታደር ታጅቦ ሲገባ፣ ገልባጮቹ የሕዝብ ቀላቢ መስለው ታዩ። ኢኮዋስ የካቲት 2016 አብዛኛውን ማዕቀብ ሲያነሣ ባዙም አልተፈቱም። ቤኒን በሯን ብትከፍትም ኒያሜ በራሷ በኩል ያለውን አልከፍትም አለች። ድንበሩ የጄኔራሎቹ መደራደሪያ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ዝም ይባል ወይ? ጋምቢያን የሚጠቅሱ አሉ። ጥር 2009 ያህያ ጃሜህ በምርጫ ተሸንፈው አልለቅም ሲሉ የኢኮዋስ ጦር ድንበር ተሻገረ፤ ሰውየው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። እዚያ ግን ቃለ መሐላ የፈጸመ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ነበረ፣ የአገሬው ጦርም ሊዋጋ አልፈለገም፣ ዛቻውም በተግባር ታየ። ኒጀር ላይ ቀነ ገደቡ እንዲሁ አለፈ፤ ማሊና ቡርኪና ፋሶም ኒጀርን መንካት በእኛ ላይ ጦርነት ማወጅ ነው አሉ።

እኔ የምደግፈው ማንንም የማያስርበውን ቅጣት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የዴሞክራሲ ቻርተር አንቀጽ 25 ሥልጣን የነጠቀ ሰው ሥርዓቱን ለመመለስ በሚደረገው ምርጫ እንዳይወዳደር ይከለክላል። መኮንን ከምንም በላይ የሚመኘው ዩኒፎርሙን አውልቆ ተመራጭ መባልን ስለሆነ፣ የሚያመውም እዚህ ላይ ነው። ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሉኝ አልተሳሳቱም፤ ሚያዝያ 2017 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት የጋቦኑ ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ ተወዳድረው አሸነፉ፣ አዲስ አበባ ያለው ኅብረትም በዚያው ወር በአገራቸው ላይ የጣለውን እገዳ አነሣላቸው። እሳቸው እንዳይወዳደሩ ለመከልከል አንድም መኪና ማስቆም አያስፈልግም ነበር።