ወረቀቷን አንጣላት

ልጆች ሳለን ቲንቲን የሚባል የሥዕል ታሪክ እንወድ ነበር። ቲንቲን ወጣት ጋዜጠኛ ነው። ሚሉ የሚባል ነጭ ውሻ አለው። ሁለቱ አገር ላገር እየዞሩ ክፉዎችን ያጋልጣሉ።

መጽሐፎቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እየገዛን እንሰበስብ ነበር። የተጻፉት በፈረንሳይኛ ስለሆነ ማንበብ አንችልም። ሥዕሉን እያየን ነገሩን እንገምታለን። አንዱ መጽሐፍ ግን ገና ሳንጨርሰው የበርበሬ መጠቅለያ ሆነ። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ታሪኩን የሳለው ኤርዤ የሚባል የቤልጅየም ሰው ነው። ቤልጅየም በአውሮፓ ያለች አገር ናት። ታሪኩ መውጣት የጀመረው በጥር 1921 ዓ.ም. በብራስልስ ከተማ፣ በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ሐሙስ ሐሙስ ይወጣ ነበር። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የጀርመን ጦር አገሩን ወረረ። ጋዜጣው ቆመ። የተጀመረውም ታሪክ መሐል ላይ ተቋረጠ። እንደገና የወጣው በ1941 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱን ያስቀመጠ ልጅ ግን ግማሹን በእጁ ይዞ ቆየ።

ወገኖቻችን፣ ይህችን ወረቀት አንብባችሁ አትጣሏት። ለጨው መጠቅለያም አትስጧት። ከሌሎቹ ጋር በክር ስፏት። ነገ ልጃችሁ ያነባታል። እናንተም የረሳችሁትን ፊደል ታገኙባታላችሁ።