ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም

ሆቴል፣ ካፌ ወይም ኤርፖርት ውስጥ ላፕቶፓችሁ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ምንም ገጽ አልከፍት ሲላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ኔትወርኩ በመግቢያ ገጹ ላይ የስልክ ወይም የክፍል ቁጥር እስክታስገቡ እየጠበቀ ነው። ታዲያ ገጹ ለምን አይመጣም? ኔትወርኩ ልትከፍቱ የሞከራችሁትን ድረ ገጽ ጠልፎ ወደ ራሱ ገጽ ሊወስዳችሁ ይሞክራል፤ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚመሰጠር ግን ብራውዘሩ ጠለፋውን አይቀበልም። ስለዚህ ያልተመሰጠረ ገጽ ክፈቱ፤ ኔቨርኤስኤስኤል ዶት ኮም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ቪፒኤን ካለ መጀመሪያ አጥፉት፣ ከገባችሁ በኋላ መልሳችሁ ክፈቱት። ዲኤንኤስ በእጃችሁ ቀይራችሁ ከነበረም ወደ አውቶማቲክ መልሱት፤ ይህኛውን ባለሙያዎችም ይረሱታል።

የዋይፋዩን ትክክለኛ ስም አስተናጋጁን ጠይቁ። ማንም ሰው በስልኩ ሆትስፖት ተመሳሳይ ስም ሊያወጣ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርኩ ዓይነት «ፐብሊክ» መሆኑን አረጋግጡ፤ ላፕቶፓችሁ እዚያው ኔትወርክ ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዳይታይ ያደርጋል። የባንክ ገጽ ላይ የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን እባካችሁ አልፋችሁ አትግቡ። ገንዘብ ለማስተላለፍ የራሳችሁን የስልክ ዳታ ተጠቀሙ።