ዕድሜ ሲገፋ የሰውነትን ክብደትና ብርታት ስለ መጠበቅ

በአገራችን ሰው ከወዳጁ ጋር ከብዙ ጊዜ በኋላ በተገናኘ ጊዜ «ወፍረሃል፤ አምሮብሃል» ብሎ ማመስገኑ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ድርቅ በሚመላለስበትና እህል በሚታጣበት ዘመን የሞላ ሰውነት የበረከትና የጤና ምልክት፣ የከሳ ሰውነት ደግሞ የችግርና የበሽታ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ለሚኖረው፣ የቀኑን ብዙውን ሰዓት በወንበር ላይ ለሚያሳልፈውና ዕድሜው ከዓርባ ላለፈው ሰው ይህ አነጋገር ከምስጋና ይልቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል። በሆድ ውስጥና በወገብ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ብዛት፣ ለልብ ሕመምና ስትሮክ ለሚባለው የአንጎል የደም ሥር አደጋ መንገድ ይጠርጋልና።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ «ምን ይደረግ፤ ከዕድሜ ጋር የመጣ ነው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን። ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ይህ ነው፤ በጎልማሳነት ከሚመጣው ውፍረት ከዕድሜ የሚመጣው ጥቂቱ ሲሆን ብዙው ከአኗኗር የሚመጣ ነው። ከአኗኗር የመጣ ነገር ደግሞ አኗኗርን በማስተካከል ይመለሳል።

የሰውነት ምድጃ

ሰውነታችን የበላነውን ምግብ ወደ ኃይልና ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ሥራ ሐኪሞች ሜታቦሊዝም ይሉታል። ይህን ሥራ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ከሚነድ ምድጃ ጋር ልናመሳስለው እንችላለን። ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ልቡ ይመታል፣ ሳንባው ይተነፍሳል፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ይሠራሉ። አንጎል ብቻውን በዕረፍት ጊዜ ከሚቃጠለው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። በቀን ውስጥ ከምናቃጥለው ኃይል ሁሉ ብዙው፣ ይኸውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ለእነዚህ ድምፅ ለሌላቸው ሥራዎች የሚውል ነው። የቀረው ለምግብ መፍጨትና ለእንቅስቃሴ ይውላል።

ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ይህ ምድጃ በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ሔርማን ፖንትዘርና ብዙ የሥራ ጓደኞቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን እምነት የሚያስተካክል ሆነ። ጥናቱ የ29 አገሮች ተወላጆች የሆኑ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎችን የሚመለከት ሲሆን ከእነርሱ ትንሹ የ8 ቀን ሕፃን፣ ትልቁ የ95 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። የተገኘውም ውጤት የሰውነት መጠን ተመዛዝኖ ሲታይ ምድጃው ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ሳይለወጥ እንደሚነድ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ግን በየዓመቱ ከመቶ 0.7 ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው። እንግዲህ የዓርባ አምስት ዓመት ሰው ቀበቶው ሲጠበው ጥፋቱን በምድጃው ላይ ሊጥል አይችልም።

ታዲያ የሚለወጠው ምንድር ነው?

አንደኛው የሚለወጠው ጡንቻ ነው። ሰው ጡንቻውን በሥራ ካልያዘው በቀር ከ30 ዓመት በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 የሚሆነውን ያጣል፤ ከ60 ዓመት በኋላም ጉዳቱ ይፈጥናል። ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ እንኳ ከስብ ይልቅ ብዙ ኃይል የሚያቃጥል ስለ ሆነ፣ ጡንቻው ቀንሶ በስፍራው ስብ የተተካበት ሰው ሚዛን ላይ ያው ክብደት ቢኖረውም የሚያስፈልገው ምግብ ግን ያንሳል።

ሁለተኛው የሚለወጠው እንቅስቃሴ ነው። በወጣትነቱ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ዛሬ በታክሲ ወይም በባጃጅ ይሄዳል። በሹመት ከፍ ባለ ቍጥርም ከወንበሩ የሚነሣበት ጊዜ እያነሰ ይሄዳል፤ ውሃ የሚቀዳለት፣ ደብዳቤ የሚያደርስለት ሌላ ሰው ነው። ማዕዱ ግን እንደ ወጣትነቱ ነው፤ እንዲያውም ደመወዙ ስላደገ ቅቤውና ሥጋው ጨምሯል። በየቀኑ የሚተርፈው ጥቂት ቢሆንም በዐሥር ዓመት ውስጥ ተጠራቅሞ ብዙ ኪሎ ይሆናል።

በዚህ ነገር የታወቀ ምስክር የሚሆነው ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የሎንዶን አውቶቡስ ሠራተኞች ጥናት ነው። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይነዳሉ፤ ቲኬት ቆራጮቹ ግን ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ኑሯቸውም የተቀራረበ ሆኖ ሳለ፣ በልብ ሕመም የሚጠቁት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ስለ ደንብ ልብሳቸው ልክ በታተመው ጽሑፍ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑ ታየ። ምናልባት ሾፌሮቹ ቀድሞውኑ ወፈር ያሉ ሰዎች ይሆናሉ የሚል ክርክር በጊዜው ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ምርምሮች ግን እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ አረጋግጠዋል።

ሦስተኛው ሴቶችን የሚመለከት ነው። የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ቀድሞ በዳሌና በጭን ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ስለዚህ እናቶችና እኅቶች ክብደታቸው ብዙ ሳይጨምር ወገባቸው መስፋቱን ቢያዩ ሊጠነቀቁ ይገባቸዋል።

በገመድ መለካት

ሚዛን በሌለበት ቤት የሚሠራ ቀላል መለኪያ አለ። ሰውየው በባዶ እግሩ ቆሞ ከራሱ ጫፍ እስከ ተረከዙ ድረስ ቁመቱ በገመድ ይለካ፤ ከዚያ ገመዱ ለሁለት ይታጠፍ። የታጠፈው ገመድ በእምብርት አጠገብ ወገቡን ዞሮ ከተገናኘ መልካም ነው። ካልተገናኘ የሆዱ ስብ ከመጠን በላይ ሆኗልና ኑሮውን ይመርምር። በሜትር ለሚለካ ሰው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የወንድ ወገብ ከ94፣ የሴት ወገብ ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው መጨመር እንደሚጀምር ገልጧል።

በማዕድ ላይ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ዕድሜው የገፋ ሰው ራሱን ማስራብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሚበላውን ማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሏቸው እንለምናለን።

1ኛ. ስኳር። በቡና ሥርዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጡ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር በአንድ መቀመጫ 24 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ ጧትና ማታ ቡና የሚጠጣ ሰው ሻዩና ለስላሳ መጠጡ ሳይቈጠር ልኩን ሊሞላ ተቃርቧል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ ስኳሩን ግን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ቢቀንሱት ምላስ በአጭር ጊዜ ይለምደዋል።

2ኛ. ዘይትና ቅቤ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ ይህን ለማቃጠል መካከለኛ ሰውነት ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልገዋል። የጾም ወጥ ሥጋና ቅቤ ባይገባበትም ዘይቱ ከበዛ ያወፍራል። ጾም በተፈታ ማግሥትም በአንድ ጊዜ ወደ ጮማና ወደ ቅቤ መዝለል ለሰውነት ሸክም ነው።

3ኛ. ጡንቻን የሚሠራ ምግብ። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ዕንቍላል፣ ወተት፣ ዓሣና ቀይ ሥጋ ፕሮቲን የሚባለውን ጡንቻ ሠሪ ምግብ ይሰጣሉ። ለአረጋዊ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። ስለዚህ በትሪው ላይ እንጀራው ጥቂት ቀንሶ ወጡና ጎመኑ ቢጨምር ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

4ኛ. መጠጥ። አልኮል በእያንዳንዱ ግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ከዳቦና ከእንጀራ ዱቄት ይልቅ ለስብ የቀረበ ነው። ከመጠጡ ጋር የሚቀርበው ጥብስም አይረሳ።

5ኛ. ጉርሻ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት እንደ መሆኑ አንነቅፈውም። ነገር ግን «በሞቴ» እየተባለ የጠገበ ሰው እንዲበላ ማስገደድ እንግዳን ማክበር ሳይሆን መጉዳት ነው።

ስለ እንቅስቃሴ

ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ የ36 ዓመት ሰው ነበር፤ በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ ደግሞ ዓርባ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሁሉም ሰው ማራቶን ይሩጥ ማለታችን አይደለም። ዓርባ ዓመት የሰውነት ማብቂያ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው።

ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃዋል፤ ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። እርምጃው ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው እየሄደ መነጋገር ሲችል፣ መዝፈን ግን ሲያቅተው ነው። መምህሩ ከትምህርት ቤቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ቢወርድ፣ ጸሐፊውም ፎቁን በደረጃ ቢወጣ ገንዘብ ሳያወጡ ግዳጃቸውን ፈጸሙ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መራመድ ብቻውን ጡንቻን አይጠብቅም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የሚከተሉትን በቤት ውስጥ ማድረግ ይገባል። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ዐሥር ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፤ ግድግዳን በሁለት እጅ ተደግፎ ደረትን ማቅረብና ማራቅ፤ በጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሣት፤ አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን፣ ይኸውም አምስት ኪሎ ያህል፣ በየእጁ ይዞ በግቢ ውስጥ መመላለስ። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ወንበር አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆምን ይለማመድ፤ በእርጅና ወድቆ ዳሌን መሰበር ብዙዎችን ከአልጋ ላይ አውሏልና።

ሽማግሌ ሰው ይህን ሲያደርግ ያየ ጎረቤት «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ሳቁ ግን ያለ ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በቦስቶን በአረጋውያን መኖሪያ ከነበሩት፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 ከሆነው ዐሥር ደካማ ሰዎች ዘጠኙ ስምንት ሳምንት ክብደት የማንሣት ልምምድ ፈጸሙ። የእግራቸው ኃይል በአማካይ ከመቶ 174 ጨመረ፤ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። በዘጠና ዓመት የሚመለስ ጡንቻ በሃምሳ ዓመት አይመለስም ማለት አይቻልም።

ጥቂት መቀነስ ብዙ ይጠቅማል

ብዙ ሰው ወጣት ሳለ የነበረውን ክብደት ካላገኘሁ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ በአሜሪካ በተደረገ ምርምር፣ የደማቸው ስኳር ከፍ ያለ 3,234 ሰዎች ተመርጠው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ክፍል ከክብደቱ ከመቶ 7 ያህሉን እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ። በዚህ ክፍል በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል ምክሩ ካልተሰጣቸው ይልቅ ከመቶ 58 ቀነሰ፤ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ከመቶ 71 ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት ከ6 ኪሎ አይበልጥም። አረጋውያኑ ከወጣቶቹ ይልቅ መጠቀማቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ማስጠንቀቂያ

በጥቂት ቀን ያከሳሉ እየተባሉ የሚሸጡትን ክኒኖችና ቅጠሎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አደገኛ ነው። ራስን በማስራብ በችኮላ መክሳትም ከስቡ ጋር ጡንቻውን ይወስዳል። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የሚያዞረው ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ደግሞም ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ደስ አይበለው፤ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓርባ ዓመት ያለፈው ሁሉ ጤነኛ ቢመስለውም የደም ብዛቱንና የስኳሩን መጠን በየጊዜው ቢያስመረምር መልካም ነው። ሁለቱም ሕመሞች ሳይታወቁ ለብዙ ዓመት ተደብቀው ይኖራሉ።

ለመምህራን የምናቀርበው አደራ

መምህር በተማሪ ፊት የሚታይ መጽሐፍ ነው። በእግሩ የሚመጣ፣ በሰውነት ማጠንከሪያ ሰዓት ከልጆቹ ጋር የሚንቀሳቀስ መምህር አንድ ቃል ሳይናገር ብዙ ያስተምራል። ገመድ ለሁለት አጥፎ ወገብን የመለካቱን ነገር ተማሪዎች በክፍል ተምረው ማታ ለእናት ለአባታቸው ቢያሳዩ፣ ይህች ጽሑፍ ወደማትገባበት ቤት ትምህርቱ ይገባል። በወገቡ መስፋትም ማንም እንዳይሳለቅ ልጆቹን መምከር ይገባል፤ ዓላማችን አባትና እናት በራሳቸው እግር ቆመው የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ ነውና።

ጠቢባን አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለዋል። አካልንም መጠበቅ እንዲሁ ነው፤ በዓርባ ዓመት የጀመረ ይቀለዋል፣ በስድሳ የጀመረ ይጠቀማል፣ በሰማንያ የጀመረም አልዘገየም።