የጎደለ ጥርስ በራስ ጥርስ ሲተካ፦ ከመንቀላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ቦታው ባዶ ሲቀር ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢምፕላንት፣ ብሪጅ ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ ከራሳችሁ አፍ አንድ ጥርስ አውጥቶ ባዶው ቦታ ላይ መትከል!

ሕክምናው የትናንት አይደለም። የኦስሎዎቹ ሐኪሞች ስላግስቮልድ እና ብየርኬ በልጆች ላይ የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል።

👉 የትኛው ጥርስ ነው የሚወሰደው?

ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከሁሉም ዘግይቶ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ነው። ብዙ ሰው ላይ ቦታ አጥቶ ከማሳመም በቀር ሥራ የለውም። የሚተካው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ6 ዓመት አካባቢ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ቋሚ መንጋጋ ነው። ይሄ ጥርስ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" እየተባለ ችላ ስለሚባል ቶሎ ይበላል።

👉 እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ በራጅ ይለካል፤ ጥርሱ ቦታው ላይ ይገጥማል ወይ? ከዚያ በማደንዘዣ የተበላሸው ይነቀልና ጉድጓዱ ይስተካከላል። የሚተከለው ጥርስ በጥንቃቄ ወጥቶ ወዲያው ይገባል። በስፌት ወይም በቀጭን ሽቦ ለሁለት ሳምንት ያህል ይታሰራል። እስኪጠና ድረስ ለስለስ ያለ ምግብ ነው የሚበላው።

👉 ሚስጥሩ ምንድነው?

የጥርሱን ሥር የሸፈነች ስስ ሽፋን አለች። ጥርስን ከአጥንት ጋር የምታያይዘው እሷ ናት፣ ሕይወትም አላት። ከደረቀች ወይም ከተፋቀች ትሞታለች፤ ከዚያ ሰውነት ራሱ ሥሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የሚቸኩለው። አንዳንድ ቦታ የጥርሱን ቅጂ አስቀድመው በ3ዲ ፕሪንተር አትመው ጉድጓዱን በቅጂው ይለካሉ፤ ዋናው ጥርስ ውጭ ብዙ እንዳይቆይ።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ሥሩ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ያደገ፣ ጫፉ ገና ያልተዘጋ ጥርስ አዲስ የደም ሥር ስለሚገባለት በሕይወት ሊቀጥል ይችላል። ሥሩ አድጎ ያለቀ ጥርስም ይተከላል፤ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሩት ካናል ያስፈልገዋል።

👉 በተለይ ለማን ይጠቅማል?

በማደግ ላይ ላሉ ልጆች። ኢምፕላንት አጥንት ላይ እንደተቸነከረ ሚስማር ነው፤ ልጁ ሲያድግ አብሮት አያድግም፣ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች አጥሮ ይቀራል። የራስ ጥርስ ግን ከአጥንቱ ጋር ይሄዳል። ወድቆ የፊት ጥርሱን ላጣ ልጅ ከመንጋጋው ፊት ያለውን ትንሽ ጥርስ ተክለው የፊት ጥርስ እንዲመስል ይቀርጹታል።

⚠️ ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። የሚመጥን ጥርስ የሌለው፣ የድድ በሽታ ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም አፉን በደንብ የማያጸዳ ሰው ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ልምድ ያለው ሐኪምም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ያዙ፦ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቦታው ላይ ያለው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፣ የተጣለ ጥርስም አይመለስም። ስለዚህ የበሰበሰውንም ሆነ የኋለኛውን መንጋጋ ከማስነቀላችሁ በፊት ሐኪማችሁን "የኋለኛው ለዚህኛው ሊተካ ይችላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አይሆንም" ቢሆን እንኳ ምንም አትከስሩም።

ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ለያዘ ጓደኛችሁ አጋሩት።