ቡታጋዝ ወይስ የኤሌክትሪክ ምድጃ?



ዕቁብ ወጣላችሁ እንበል። ገንዘቡ እጃችሁ ገባ። ቤት ውስጥ ምክክር ተጀመረ። እናት፣ «ጭሱ ዓይኔን ጨረሰው፤ ከሰሉም ዋጋው አልቀመስ አለ፤ ምድጃ እንግዛ» ይላሉ። አባት፣ «ደግ ነው፤ ቡታጋዝ ይሁን» ይላሉ። ልጅ ደግሞ፣ «ኧረ አባዬ፣ የመብራቱ ይሻላል፤ ሰክቶ ማብሰል ነው» ትላለች። ታዲያ ማን ነው ልክ? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። «ጋዝ» ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ ነው። ቡታጋዝ ሌላ ነው። ቡታጋዝ በብረት ሲሊንደር ውስጥ በኃይል ተጨምቆ፣ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ሲከፈት ወደ አየርነት ተለውጦ ይወጣል። ሲሊንደሩን ስትወዘውዙት ውስጡ የሚንቦጫረቀው እሱ ነው።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ በቤታችሁ የሚበስለው ምንድን ነው? እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የቡታጋዝ እሳት ግን ጠባብ ክብ ነው። ምጣዱን እላዩ ብትጥዱት መሐሉ ያራል፣ ዳርዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ዓይኑ ያማረ እንጀራ ምጣዱ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን የሚችለው ሽቦው ከሸክላው ሥር ዙሪያውን ተጠምዝዞ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ለእንጀራ ኤሌክትሪክ ነው፤ ክርክር የለውም።

ወጥ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቡታጋዝ ሲቀንሱት ወዲያው ይቀንሳል፣ ሲያጠፉት ወዲያው ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ቶሎ አይበርድም። ሽሮው ተክ ተክ ሲል ቆይቶ ሊገነፍል ሲል ማጥፊያውን ብታዞሩ፣ የጋለው ምድጃ ገና ለደቂቃዎች ያፈላዋል። ድስቱን ማውረድ ያስፈልጋል። ልማድ ያላት ሴት ግን ይህንኑ ትጠቀምበታለች። ወጡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታጠፋውና በቀረው ግለት ታደርሰዋለች። ለዚያ ግለት ቆጣሪው አይቆጥርም።

ባቄላና ሽምብራ መቀቀል ደግሞ ጊዜ ይበላል። በደጋ ሲሆን የባሰ ነው። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በአዲስ አበባ ግን ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ውኃው ይተናል እንጂ ባቄላው ፈጥኖ አይበስልም። እሳቱን ቀንሱ፣ ድስቱን ክደኑ። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ይህ በሁለቱም ምድጃ ገንዘብ ያተርፋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንግባ። አገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአብዛኛው ከወንዝ ውኃ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ ማመንጨት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን ግድቡ ስለተለቀ በቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ አልወፈረም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፊደል መቁጠራችሁ የሚጠቅማችሁም እዚሁ ነው። ምድጃ ወይም ምጣድ ስትገዙ ከጀርባው ወይም ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። ቁጥር ተጽፎባታል። ከቁጥሩ ቀጥሎ እግሩ የተቆረጠ ንጉሡ ሠ የሚመስል የፈረንጅ ፊደል ታያላችሁ። «ዋት» ማለት ነው። ዋት ዕቃው የሚበላውን የኤሌክትሪክ ጉልበት ይነግራችኋል። ምድጃው 1500፣ ምጣዱ 3500 ይላል እንበል።

ሶኬቱም ላይ ቁጥር አለ። ብዙውን ጊዜ 16 ይላል፤ ቀጥሎም ለ የምትመስል፣ መሐሏ ላይ ዘንግ የተጋደመባት ፊደል አለች። እሷ «አምፔር» ናት። ሶኬቱ ሳይቃጠል ማሳለፍ የሚችለው ያንን ያህል ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ዋቱን ለ220 አካፍሉ፤ አምፔሩን ታገኛላችሁ። 3500 ለ220 ሲካፈል 16 ገደማ ነው። አያችሁ? ምጣዱ ብቻውን ሶኬቱን ሞላው። 1500ው ምድጃ 7 ገደማ ይበላል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ብትሰኩ 23 ሆነ። ሶኬቱ የሚችለው 16፣ የጫናችሁበት 23! አህያ እንኳ ሲበዛባት ትተኛለች። ሽቦ ግን አይተኛም፤ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ከዚያ ቤቱ ይያያዛል።

ምጣድ ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር የሚነሳ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ይህን ባለሙያ ይዘርጋላችሁ። ምድጃው ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሶኬቱን አጥፍታችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ቢል ብዙ አያስደነግጥም። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ የላስቲክ ሽታ ካለው ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ ግን መጠቀም አቁሙ። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ እየወረደ ካስቸገራችሁ፣ «ትልቅ ብሬከር ይግባልን» የሚሉ አሉ። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን ብቻ ማተለቅ ዘበኛውን አባርሮ ሌባ መጋበዝ ነው።

ሽቦው ፊት ለፊት የሚታይ የሸክላ ምድጃም አለ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስም በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል። ግን ወጥ ቢገነፍልበት፣ ወይም የብረት ጭልፋ ሽቦውን ቢነካ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሕፃናት ካሉባችሁ ሽቦው የተሸፈነውን ግዙ ብለን እንመክራለን፤ ትንሽ ቢወደድም። ኢንዳክሽን የሚባለው አዲሱ ምድጃ ጥሩ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። የሚሠራው ግን ማግኔት በሚይዘው ድስት ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ድስትና የሸክላ ዕቃ አይግልበትም። ገዝቶ ድስት ማጣትም አለ።

ተከራዮች ሆይ፣ እናንተን አልረሳንም። ለአራት ለአምስት ቤት ቆጣሪው አንድ ሲሆን ጠቡ አያልቅም። «ምጣድ አትስኩ፣ ቆጣሪ ጨረሳችሁ» ይባላል። እስቲ እናስላ። 1000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፤ የሚከፈለውም በዚህ ነው። የ3500 ዋት ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በሳምንት 10 ተኩል ይሆናል፤ በአራት ሳምንት 42። የ1500 ዋት ምድጃ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢሠራ በቀን 3 ነው፤ በ30 ቀን 90። ስሙ የጠፋው ምጣዱ ነው፤ ብዙ የበላው ግን ምድጃው ሆነ። ይህን ሒሳብ ጽፋችሁ ለጎረቤቶቻችሁና ለአከራያችሁ አሳዩ። ጩኸት ያልፈታውን እርሳስና ወረቀት ሊፈታው ይችላል።

አሁን ደግሞ ቡታጋዙ። ትልቁ ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ አለመጥፋቱ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ወጡ በጥሬው እያለ መብራት የሄደባት ሴት ታውቀዋለች። ችግሩ ደግሞ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሲጠፋ ዋጋው ይንራል፣ ሚዛን የሚሰርቅም አይታጣም።

በሲሊንደሩ አንገት ወይም እጀታ አካባቢ የባዶው ክብደት ተቀርጾበታል። ለምሳሌ 13.2 ኪሎ ይላል። የሚሞላበት ጋዝ 12.5 ኪሎ ከሆነ ሁለቱን ደምሩ፤ 25.7 ነው። ሚዛን ላይ አስወጡት። 24.1 ቢሆን 1.6 ኪሎ ጎድሏል ማለት ነው። «እንዴት አወቅሽ እትዬ?» ቢላችሁ ባለሱቁ፣ ቁጥሩን በጣታችሁ አሳዩት።

ቡታጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የሚከረፋው ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ሲያፈስ እንድናውቅ። ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይወጣም፤ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ አልጋ ሥርና ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በሩም ይከፈት።

ሌሊት ነቅታችሁ ሽታው ቢሸታችሁ፣ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መብራት ማብሪያው ነው። አታብሩ! የበራ ካለም አታጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ የምትፈናጠረው ብልጭታ ትበቃለች። በጨለማው ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። የሚያፈሰውን ቦታ በክብሪት የሚፈልግ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈልገው። የሳሙና አረፋ ቱቦውና ማያያዣው ላይ ቀቡ። አረፋው ቡፍ ቡፍ ካለ እዚያ ጋ ያፈሳል።

ስታቀጣጥሉ ክብሪቱን አስቀድማችሁ ጫሩ፣ ከዚያ ምድጃውን ክፈቱ። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቆሞ ይቀመጥ። ሊያልቅ ሲል «ትንሽ ቀርቶታል» ብሎ ማጋደም ወይም ሥሩን በእሳት ማሞቅ የተለመደ ጥፋት ነው። ሲጋደም ፈሳሹ እንዳለ ወደ ምድጃው ይሄድና እሳቱ ጣሪያ ይልሳል። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ለውጡት፤ በፕላስተር አትጠግኑት። ደኅና ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት የሚያለብስ ከሆነ በደንብ እየነደደ አይደለም፤ አስጠርጉት። በዝግ ቤት በደንብ ያልነደደ እሳት፣ የከሰል ፍም በዝግ ቤት ሰው እንደሚገድል ሁሉ እሱም ይገድላል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትምም።

ወጪውስ? የዛሬውን ዋጋ አንነግራችሁም፤ ወረቀቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣልና። ማስሊያውን ግን እንሰጣችኋለን። ቡታጋዝ ሲነድ ከግለቱ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው፤ የቀረው ቤቱን ያሞቃል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግለት ግን አብዛኛው ድስቱ ጋ ይደርሳል። ይህ ተቀናንሶ አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በመብራት ደረሰኛችሁ ላይ ያለውን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ9 አባዙ። ከአንድ ኪሎ ቡታጋዝ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ያነሰው እሱ ነው የሚረክሰው። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ቤት የኪሎዋቱ ዋጋ ከፍ እንደሚልበትም አትርሱ፤ የምታባዙት የእናንተን እርከን ዋጋ ይሁን።

የኛን ሐሳብ ከጠየቃችሁን፣ ሽቦው ደኅና ለሆነ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው ቤት መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን እንመርጣለን። እንጀራውም ይጋገራል፣ ሲሊንደር ፍለጋም መንከራተት የለም። ገንዘብ ሲገኝ ባለ አንድ እሳት ትንሽ ቡታጋዝ ለክፉ ቀን ይጨመር። መብራት በየጊዜው የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ፣ ወይም ሽቦው ያረጀ የኪራይ ቤት ከሆነ ግን አባትየው ልክ ናቸው፤ ቡታጋዝ ይቅደም፣ እንጀራው ለጊዜው ይገዛ። ባለ አንድ ክፍል ቤት ሆኖ ማብሰያውም መኝታውም እዚያው ከሆነ፣ ሲሊንደር አጠገብ ተኝቶ ማደሩን አንወድላችሁም። እናትየው ደግሞ ከሁሉም በፊት ልክ ናቸው፤ ጭሱ ይብቃ ብለዋልና።

ሱቅ ስትሄዱ የኤሌክትሪኩን ምድጃ እዚያው አሰክታችሁ እዩት፤ የዋቱን ቁጥር ሳታነቡ ገንዘብ አትቁጠሩ። ቡታጋዝ ከሆነ ለምድጃው ብቻ ሳይሆን ለሲሊንደሩ፣ ለጎማውና ለሬጉሌተሩ ጭምር ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። የአንዱ ኩባንያ ሲሊንደር በሌላው ኩባንያ ላይለወጥ ይችላል፤ ሬጉሌተሩም ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ለሰፈራችሁ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ቀኑንና የዕቃውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡት።