የጓንግንና የተከዜን ቆላ የሣለው መንገደኛ

የአገር መልክ በጸሐፊ ብዕር ብቻ ሳይሆን በሠዓሊ እጅም ይጠበቃል። ከገዳሪፍ እስከ መተማ የተዘረጋው ቆላ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ከሚመሰክሩልን ሰዎች አንዱ፥ ሥዕልን ሙያዬ ብሎ ያልተማረው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው።

ቤከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። አዳኝና አገር አሳሽ ነበር፤ ነገር ግን እርሳሱና የውሃ ቀለሙ ከጠመንጃው አይለዩም ነበር። በ1861 ዓ.ም. በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር ከካይሮ ተነሥቶ፥ እኛ ላዩን ጓንግ ከምንለው ከአትባራ ወንዝ ዳር ሰፈረ። ወንዙ ያን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነበር። ጁን 23 ቀን ሌሊት ግን በኢትዮጵያ ደጋ የጣለው ዝናብ በድንገት ደረሰ፤ ሲነጋ አሸዋው 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ ወንዝ ሆኖ ታየ። ግብፅን የሚያለማው ጎርፍና ደለል ከኢትዮጵያ ወንዞች መምጣቱን ቤከር በመጽሐፉ አስረድቷል።

ክረምቱን በሶፊ መንደር ከርሞ፥ በበጋው ሰቲት በተባለው በታችኛው ተከዜ ዳርቻ ተጓዘ። ዝሆንን በፈረስ አባርረው በሰይፍ የሚጥሉትን የሐምራን አዳኞች በዚያ አያቸው። በገላባትና በመተማ በኩል አልፎም በጁን 1862 ዓ.ም. ካርቱም ገባ። በ1867 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ሥዕሎች፥ ኤርነስት ግሪዜ የተባለ ባለሙያ ከቤከር ንድፎች ላይ የሠራቸው ናቸው።

እነሆ፥ ያ ምድር ዛሬ ተለውጧል። ከ1940ዎቹ ወዲህ የገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ሆነ፤ ዱሩም ተመነጠረ። በ2017 ዓ.ም. በአትባራና በሰቲት ላይ ጥንድ ግድብ ተመረቀ። መንጋ መንጋ ሆኖ ይሄድ የነበረው ዝሆንም ተመናመነ፤ በተከዜ ዳር የቃፍታ ሽራሮ ፓርክ የተከለለው የተረፈውን ለመጠበቅ ነው። ለዚህ ጥፋት ቤከር ራሱ ተጠያቂ ከሚሆኑት አንዱ መሆኑን መሸሸግ አይገባንም፤ እጁ የሣለውን ጠመንጃው ይገድለው ነበርና።

ስለዚህ ለወላጆች የምናሳስበው አለን። የቆላውን መልክ እንግዳ መንገደኛ ካኖረልን፥ የአገሩ ተወላጅ ይልቁን ሊያኖረው ይገባል። ልጅ የሰፈሩን ወንዝና ዋርካ በከሰልም ሆነ በእርሳስ ሲሥል ቢገኝ፥ ወረቀት አበላሸህ ተብሎ አይገሠጽ። ዋርካው የተቈረጠ ዕለት ያች ወረቀት ምስክር ትሆናለች።