የዋስትናው ትእዛዝ እና የአምቦ ችሎት

አምቦ ላይ የሚያስችለው የምዕራብ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኦሮሚያ ክልል ችሎት ነው። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩበት ስለፈቀደ፣ የፌዴራል ጉዳይ የቀረበለት የአምቦ ዳኛ፣ የቀድሞዋ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አዲስ አበባ ላይ የነበራቸውን ሥልጣን ይይዛል። የእሳቸው የዳኝነት ታሪክ የጉደርንና የጊንጪን ሰውም የሚመለከተው ለዚህ ነው።

ብርቱካን ሲያስችሉ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ከተቋቋሙ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። በሕወሓት ክፍፍል ማግሥት በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ሲቀርቡላቸው፣ ወጣቷ ዳኛ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ስዬ ከፍርድ ቤቱ ገና ከመውጣታቸው ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። አዋጅ ቁጥር 239/1993 ደግሞ የሙስና ተጠርጣሪ ጨርሶ ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። ብርቱካን ኋላ ፖለቲከኛ ሆኑ፣ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ለእኔ ግን ከሹመቱ ሁሉ የሚበልጠው ያ የዋስትና ትእዛዝ ነው፤ የዳኛ ቃል ከችሎቱ በር ወዲያ ምን ያህል እንደሚሄድ የለካ እሱ ነውና።

ባለሥልጣን በዋስ ከወጣ ማስረጃ ያጠፋል፣ ምስክር ያባብላል የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ይህን ለዳኛው ማስረዳት፣ ካልተሳካም ይግባኝ ማለት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ በር ላይ ጠብቆ መያዝ ይግባኝ አይደለም። ክልከላው መብዛቱንም ሕግ አውጪው ራሱ አምኗል፤ አዋጅ ቁጥር 434/1997 ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ክስ ብቻ ወሰነው። ብርቱካን ኋላ ፖለቲከኛ መሆናቸው ፍርዳቸውን ያጠራጥራል የሚለውም አያስኬድም። ፍርድ የሚመዘነው በዕለቱ በነበረው ሕግ እንጂ ዳኛው ከዓመታት በኋላ በገባበት ፓርቲ አይደለም።

በአምቦ አካባቢ የተወለዱት የተቃዋሚ ፖለቲከኛ መረራ ጉዲና በ2009 ዓ.ም. ከአውሮፓ ሲመለሱ ታስረው ዋስትና ተከለከሉ። ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. የተፈቱትም ክሱ ስለተቋረጠ እንጂ ዳኛ ነፃ ስላላቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፍርድ ቤት ይለቀቁ ያላቸው ሰዎች በኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎች መቆየታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ ገልጿል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ሲቀርብ፣ አሳሪው ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠራል። የመፍቻ ትእዛዝ ይዞ ከጣቢያ በር የተመለሰ ቤተሰብ ይህን አቤቱታ ያቅርብ፤ የአምቦ ዳኞችም የጣቢያ አዛዡን ይጥሩ።